አዲስ አገር ሕገ መንግሥቱን ሲጽፍ ምን ይፈራል?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ጎረቤታሞች እድር ለማቋቋም በተሰበሰብንበት እሑድ፣ በኮሚናሉ ጠረጴዛ ላይ የቀረበልን የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ አዲስ የተጻፈ አልነበረም። አንድ ጡረታ የወጡ አባት በመልሶ ማልማት ከፈረሰው የመሀል ከተማ ሰፈራቸው ይዘውት የመጡት፣ በታይፕ የተመታና ጠርዙ ያረጀ ደንብ ነው። ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተከለው «በሟች ግቢ ውስጥ» እንደሆነ ይደነግጋል፤ እኛ ግን ያለን ደረጃ እንጂ ግቢ አይደለም። ከሁሉም የረዘመው አንቀጽ ስለ ገንዘብ አወጣጥ የሚናገረው ነበር፤ ሦስት ሰዎች ካልፈረሙና ሒሳብ መርማሪው ካላየው አንዲት ብር ከባንክ አትወጣም። «ለምን ይህን ያህል?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ያኔ ገንዘብ ያዡ የእድሩን ብር ይዞ ጠፍቶብን» አሉ። ሰውየው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሰፈሩም ፈርሷል፤ ፍርሃቱ ግን አንቀጽ ሆኖ የካ አባዶ ገብቷል።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለነበርሁ ክርክሩን ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው በገንዘቡ ሳይሆን በአባልነቱ ላይ ነው። ረቂቁ አባል የሚሆነው «የቤት ባለቤት» ነው ይላል፤ ከብሎኮቻችን ነዋሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ተከራዮች ናቸው። አንዲት እናት «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ መዋጮውን ማን እየተከተለ ይሰበስባል?» ሲሉ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ወጣት ተነሥቶ «እማማ፣ ሞት እኮ ካርታ አይጠይቅም» አላቸው። ቤቱ ሳቀ፤ ነገሩ ግን አልተቋጨም።

ከቅኝ አገዛዝ የወጡ አገሮች ሕገ መንግሥታቸውን የጻፉበትን ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ ስብሰባ እንግዳ አይሆንበትም። ሕገ መንግሥት በቀላል አነጋገር፣ ሥልጣን ከማን እንደሚመነጭ፣ በማን እጅ እንደሚቆይና የት ላይ እንደሚገታ የሚወስን፣ ሌሎች ሕጎች ሁሉ የሚገዙለት ሕግ ነው። የፖለቲካ ሐሳብ የምንለው ደግሞ ለእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ በሰዎች አእምሮ ውስጥ የተቀመጠው መልስ ነው፤ ሊበራሉ የግለሰብን መብት፣ ሶሻሊስቱ የሀብት ክፍፍልን፣ ብሔርተኛው የአገርን ወይም የብሔርን ህልውና፣ ሃይማኖተኛው የፈጣሪን ሕግ ያስቀድማል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እነዚህ ሐሳቦች ከለንደን፣ ከፓሪስ ወይም ከሞስኮ እንዳለ ተቀድተው እንደ መጡ ተደርጎ ነው። እኔ ግን ነገሩን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ መደርደሪያው ላይ ብዙ ሐሳብ አለ፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው እንደሚወርድ የሚወስነው አዲሱ አገር በዚያች ሰዓት አጥብቆ የሚፈራው ነገር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ ምንም ሳይሸፋፈን የተጻፈው በሀይቲ ነው። በባርነት የኖሩት ሰዎች የፈረንሳይን ጦር አሸንፈው በ1804 ነፃነታቸውን ካወጁ በኋላ፣ በ1805 በመሪያቸው በዴሳሊን ዘመን የወጣው ሕገ መንግሥት ባርነት ለዘላለም መሻሩን ገለጸ፤ ማንኛውም ነጭ በጌታነት ወይም በባለ ርስትነት የአገሪቱን ምድር እንዳይረግጥ ከለከለ፤ የአገሩ ሰዎችም ከእንግዲህ «ጥቁር» በሚል የወል ስም ብቻ እንዲታወቁ ደነገገ። ከክልከላው ነፃ የተደረጉ፣ የሀይቲን ዜግነት ያገኙ ፖላንዳውያንና ጀርመኖች ስለነበሩ እነርሱም በሕጉ ዓይን «ጥቁር» ሆኑ ማለት ነው። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ከፈረንሳይ አብዮት የተሰማው ሐሳብ፣ ጌታው ተመልሶ ይመጣል በሚለው ስጋት ውስጥ ሲያልፍ ይህን መልክ ያዘ።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ግን በሕንድ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ አንድ ጉባኤ በሥራ ላይ እያለ ፍርሃቱ ተለወጠ፣ ሕጉም አብሮት ዞረ። መሥራች ጉባኤው መጀመሪያ የተሰበሰበው በዲሴምበር 1946 ሲሆን፣ በዚያው ወር ጃዋሃርላል ኔህሩ ያቀረቡት የዓላማ መግለጫ ክፍለ ግዛቶቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ እንዲሆኑና ቀሪው ሥልጣን፣ ማለትም በጽሑፍ ለማንም ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ፣ በእነርሱ እጅ እንዲቆይ ያስብ ነበር። በዚያን ጊዜ የሙስሊሞቹ ፓርቲ የሙስሊም ሊግ ጉባኤውን አልካፈልም ብሎ ውጭ ቆሟል፤ ላላ ያለ ማኅበር ብናቀርብለት ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረ። በጁን 1947 ሕንድና ፓኪስታን እንዲከፈሉ ሲወሰን ተስፋውም፣ ልል ማኅበር የሚያስፈልግበት ምክንያትም አበቃ። ክፍፍሉን ተከትሎ በመጣው እልቂትና ስደት መካከል የተቀመጡት የጉባኤው አባላት ከእንግዲህ የሚፈሩት አገሪቱ ዳግመኛ እንዳትቆረስ ነበር፤ ስለዚህ በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ቀሪውን ሥልጣን ለማዕከላዊው መንግሥት ሰጠ። ስለ ፌዴራሊዝም የሚያስተምሩት መጻሕፍት በእነዚያ ስድስት ወራት አልተለወጡም፤ የተለወጠው ከአዳራሹ ውጭ ያለው አገር ነው። (የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ቀሪውን ሥልጣን ለክልሎች መስጠቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል፤ የእኛ አርቃቂዎች ይፈሩት የነበረው ተቃራኒውን ነዋ።)

ሕንዶች ሌላም ክርክር ነበራቸው፤ እንደ እኔ ከሁሉም የሚጥመው እርሱ ነው። የጋንዲን መንገድ የተከተሉ አባላት መንግሥቱ ከመንደር ሸንጎ ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲገነባ ይፈልጉ ነበር፤ ለእነርሱ መንደሩ ባዕድ ያላበላሸው ንጹሕ ሕንድ ነው። የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር አምበድካር ደግሞ «የማይነኩ» ተብለው ከሚገለሉት ወገን የተወለዱ ሰው ናቸው። ይህን የመሰለ ሰው መንደርን የሚያውቀው ከጉድጓዱ ውኃ እንዳይቀዳ ሲከለከል ነው። በኖቬምበር 1948 ለጉባኤው ባደረጉት ንግግር መንደሩ የጠባብነትና የድንቁርና ዋሻ መሆኑን በማያሻማ ቃል ተናገሩ። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ መነሻ ግለሰቡ ሆነ እንጂ መንደሩ አልሆነም፤ ሰውን «አይነኬ» ብሎ ማግለል በአንቀጽ 17 ተሻረ። የመንደር ሸንጎ ጉዳይ አንቀጽ 40 ላይ ተቀመጠ፤ ይህም መንግሥት ሊከተለው የሚገባ፣ ነገር ግን ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው የማይችል መርሕ ከሚባሉት መካከል ነው። ይህ «ፍርድ ቤት የማይዳኘው መርሕ» የሚባል ዘዴ ራሱ ከ1937ቱ የአየርላንድ ሕገ መንግሥት የተወሰደ ነው። የመንደር ሸንጎዎቹ ጠንካራ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት ያገኙት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1992 በወጣው ማሻሻያ ነው።

ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ያወጀችው ኦገስት 17 ቀን 1945 ነው፤ ሕገ መንግሥቷን ያጸደቀችው ደግሞ በማግሥቱ። ቀደም ብሎ በጁን ወር የነፃነት ትግሉ መሪ ሱካርኖ አገሪቱ የምትቆምባቸውን አምስት መርሖች፣ ፓንቻሲላ የሚባሉትን፣ አቅርበው ነበር። ከዚያ በተደረገው ድርድር ሙስሊሞች የሸሪዓን ሕግ የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው የሚገልጽ ሐረግ በመግቢያው ረቂቅ ገባ፤ በቋንቋቸው ሰባት ቃላት ናቸው። ነፃነቱ በታወጀ ምሽት በምሥራቁ ደሴቶች የሚኖሩ ክርስቲያኖች ሐረጉ ካለ ከአዲሱ አገር ጋር እንደማይቀጥሉ ለሌላው የነፃነቱ መሪ ለመሐመድ ሃታ ተነገራቸው። ሃታ በማግሥቱ ጠዋት የሙስሊሙን ወገን መሪዎች አነጋገሩ፤ ሰባቱ ቃላት ወጡ፤ በቦታቸው አገሪቱ «በአንድ አምላክ» እንደምታምን ብቻ ተጻፈ። ዓመታት የፈጀ የእስልምና የፖለቲካ ፍልስፍና በጥቂት ደቂቃ ንግግር ቦታውን የለቀቀው ሰዎቹ እምነታቸውን ስለተዉ አይደለም፤ አገሩ በተወለደ በማግሥቱ ይበተናል የሚለው ፍርሃት ስለበለጠ ነው። ቅሬታው ግን አልጠፋም፤ በ1955 የተመረጠው ሌላ አርቃቂ ጉባኤ በዚያው ጥያቄ ላይ ተከፋፍሎ ሲቀር፣ ሱካርኖ በ1959 በአዋጅ ወደ 1945ቱ ሕግ መለሱት።

በዚያው በ1945ቱ ክርክር ሱፖሞ የተባሉት የሕግ ሰው መንግሥትና ሕዝብ እንደ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ በአባት ላይ የሚጠቀስ መብት አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ያራምዱ ነበር። ሃታ ይህ መንገድ ወደ አምባገነንነት እንዳያመራ ሰጉ። የተገኘው ስምምነት አንቀጽ 28 ነው፤ የመደራጀት፣ የመሰብሰብና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት «በሕግ ይወሰናል» ይላል። «በሕግ ይወሰናል» የሚለው አነጋገር ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ማንም ሳይሸነፍ ስብሰባው እንዲያበቃ ያደርጋል። ዋጋው በኋላ ይከፈላል፤ ሱካርኖ ከ1959 በኋላ፣ ተከታያቸው ሱሃርቶም እስከ 1998 ድረስ የገዙት በዚሁ አጭር ሕግ ሥር ነው፤ ሰፊ የመብት ምዕራፍ የገባው ከ1999 እስከ 2002 በተደረጉት ማሻሻያዎች ነው። ሕንድም ቢሆን ቋንቋን በተመለከተ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች፦ ሂንዲ የሥራ ቋንቋ ይሁን፣ እንግሊዝኛ ለ15 ዓመት ይቆይ ተባለ፤ ቀኑ በ1965 ሲደርስ ሂንዲ በማይናገረው የደቡብ ግዛት በማድራስ ብጥብጥ ተነሣ፤ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ አለ።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ፍርሃት የሚለው ቃል ራሱ በመንግሥት ሰነድ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። እንግሊዞች ናይጄሪያን ከመልቀቃቸው በፊት በ1957 ያቋቋሙት ኮሚሽን ተግባሩ «የአናሳዎችን ፍርሃትና የሚወገድበትን መንገድ» ማጣራት ነበር። ትንንሾቹ ሕዝቦች የራሳችን ክልል ይሰጠን ሲሉ፣ ኮሚሽኑ በ1958 አዲስ ክልል ማቋቋምን ሳይቀበል በምትኩ የመብቶች ዝርዝር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ ዝርዝሩም ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ተወሰደ። ለቡድን ፍርሃት የግለሰብ መብት ተሰጠው ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ደግ ቢሆንም ሕመሙ ሌላ ነበር። አገሪቱ በ12 ክልሎች የተከፋፈለችው በ1967፣ የቢያፍራ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ነው።

በኬንያም እንዲሁ የካሌንጂን፣ የማሳይና የባሕር ዳርቻው ሕዝብ መሪዎች ኪኩዩና ሉኦ አገሩን ይጠቀልሉታል ብለው ስለሰጉ፣ በለንደን በተደረገው ድርድር «ማጂምቦ» የተባለ፣ ለክልሎች የራሳቸውን ምክር ቤት የሚሰጥ ሥርዓት አስገቡ። ነጮቹ ሰፋሪዎች ስለ እርሻቸው ስለሰጉ ጠንካራ የንብረት ጥበቃ ገባ። የጆሞ ኬንያታ ወገን ማጂምቦን የተቀበለው ነፃነቱ እንዳይዘገይ ብቻ ነበር፤ በዲሴምበር 1963 ነፃነት መጣ፣ በዓመቱ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን የክልሎቹ ሥልጣን ፈረሰ። ሥልጣንን ወደ ታች የማውረዱ ሐሳብ 47 አውራጃዎችን ይዞ የተመለሰው በ2010 ሕገ መንግሥት ነው።

አዲስ አበባ በቀጥታ የምትገባበት ታሪክ የጋና ነው። በ1960 የወጣው የጋና ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት፣ ሌላ አገር ሉዓላዊነቱን ለማጠር በሚሽቀዳደምበት ዘመን፣ የአፍሪካ መንግሥታት ኅብረት በቅርቡ እንደሚቋቋም በመተማመን ፓርላማው የአገሪቱን ሉዓላዊነት በሙሉም ሆነ በከፊል አሳልፎ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጠ። የክዋሜ ንክሩማ ፍርሃት ትንንሽ አገሮች ለየብቻቸው ሲቆሙ ቅኝ ገዢው በኋላ በር ይመለሳል የሚል ነበር። በሜይ 1963 በአፍሪካ አዳራሽ ይህንኑ ይዘው ቀረቡ፤ አብዛኞቹ መሪዎች ግን የሚፈሩት ሌላ ነበር፤ ትናንት ያገኙትን ባንዲራና ወሰን እንዳያጡ። ስለዚህ የተቋቋመው የሉዓላዊ አገሮች ድርጅት ሆነ፤ የጋናም አንቀጽ ተቀባይ ሳያገኝ ቀረ።

ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ደግሞ በ1961 ነፃ ስትወጣ የመብቶች ዝርዝር በሕገ መንግሥቷ እንዲገባ አልፈለገችም። የመሪዋ የጁሊየስ ኔሬሬ ወገን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፦ ዳኞቹ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ድህነትን ለማጥፋት የሚቸኩልን መንግሥት በየፍርድ ቤቱ ያስቆሙታል። ዝርዝሩ የገባው በ1984 ነው። እስከዚያ ድረስ መንግሥትን «አይሆንም» የሚለው የኔሬሬ የራሳቸው ልክ ማወቅ ነበር፤ ልክ ማወቅ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይወረስም።

አገራችን ቅኝ ሳትገዛ ስለኖረች ከዚህ ወገን አትቆጠርም፤ ሐሳብና ፍርሃት ሲገናኙ ግን እዚህም ያው ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት፣ ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ «የተሰጠ» ነበር፤ ሳይገዙ መሠልጠን እንደሚቻል ያሳየች አገር ጃፓን ነበረችና ምርጫው አያስገርምም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል፤ የሕንዱ «እኛ የሕንድ ሕዝብ» ይላል። በእነዚህ መጀመሪያ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የእኛ እድር የተጨቃጨቀበት የአባልነት ጥያቄ ነው፦ አባሉ ማን ነው፣ ሰውየው ወይስ ቤቱ? ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባና ስለ ኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ተናግሮ ዝርዝሩ «በሕግ ይወሰናል» ማለቱ የጓዳ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር የማይጻፈው ክፍል ነው። አዲሱ አገር አንቀጾቹን ሲያረቅ ፖሊሱ፣ ወህኒ ቤቱ፣ አውራጃ ገዢውና የመዝገብ አያያዙ እንደ ነበሩ ይቆያሉ። አምበድካር ከ1935ቱ የእንግሊዞች የሕንድ አስተዳደር ሕግ ብዙ ቀዳችሁ ተብለው ሲወቀሱ፣ መዋስ እንደማያሳፍር ከተናገሩ በኋላ የተወሰደው በአብዛኛው የአስተዳደር ዝርዝር መሆኑን ገለጹ፤ ሕገ መንግሥቱን አንድ ፊደል ሳይነኩ አስተዳደሩን በመቀየር ብቻ ማበላሸት እንደሚቻልም አስጠነቀቁ። ይሁንና ያለ ፍርድ አስቀድሞ ማሰር የሚባለው የቅኝ ገዢው መሣሪያ በአንቀጽ 22 ገደብ ተበጅቶለት እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ቀረ። በጋና ነገሩ የበለጠ ይመርራል። በ1948 እንግሊዞች ንክሩማንና ሌላውን የነፃነት ታጋይ ዳንኳን አብረው አስረዋቸው ነበር፤ ነፃነት በመጣ በዓመቱ፣ በ1958፣ የንክሩማ መንግሥት ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ማሰር የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በ1960 ንክሩማን በምርጫ የተወዳደሩት ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ሐሳቡ አፍሪካዊ፣ ቁልፉ የእንግሊዝ ነበር።

የእኛ እድር በተከራዮች ጉዳይ ላይ ያን ዕለት የወሰነውን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ «ዝርዝሩ ወደፊት በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰናል።» ሁለተኛው ስብሰባ ሳይደርስ የዚያ የአራተኛ ፎቅ ወጣት እናት ሌሊት አረፉ። ድንኳኑን መኪና ማቆሚያው ላይ ተከልነው፤ አስከሬኑን በጠባቡ ደረጃ ለማውረድ ስድስት ሰዎች ተጋገዙ፤ አባል ነው አይደለም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ገንዘብ ለማውጣት ግን ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ክፍለ ሀገር ሄዷል። የቀብሩን ወጪ ከኪሳቸው አውጥተው የከፈሉት አንቀጹን ከድሮ ሰፈራቸው ይዘው የመጡት አባት ናቸው። በሚቀጥለው ጉባኤ ሦስቱ ፊርማ ሁለት እንዲሆን ማሻሻያ ያቀረቡትም እርሳቸው ሲሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ የተከራዩ አንቀጽ ለሌላ ቀን ተላልፏል።